የጌጡ እግር

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 1975 ዓ.ም.

ውድ እማሆይ አመተማርያም፣

እንዲህ ብዬ ጀመርኩና እጄ እምቢ አለኝ። ለእኔ እኮ እትዬ ውዴ ነዎት። ቆብ ጭነው ስምዎን ከቀየሩ ወዲህ ስጽፍልዎ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ «ውድ ውዴ» ብዬ ብጀምር ደግሞ ገዳሙ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከላይኛው መስመር ላይ እማሆይ፣ ከዚህ በታች እትዬ ውዴ ይሁኑልኝ። ይህን የሚያነብልዎን ዲያቆን አደራ እላለሁ፣ ደስ ያላለውን እየዘለለ እንዳያነብ። እርስዎ እንደሆነ የተዘለለውን ከፊቱ ላይ ያውቁበታል።

እኛ ደህና ነን። ጉና ዘንድሮም ብርዱን ሳይሰስት ልኮልናል፤ እኔ ካፖርቴን፣ የሺ ደግሞ የእኔን ጋቢ ለብሰን እንውላለን። ባለፈው ሰሞን ጎረቤትዎ እመቤቴ ጣራ ገዳም ተሳልማ ስትመለስ ቤቷ እንኳ ሳትገባ በቀጥታ እኛ ዘንድ መጣች። ጸበሉን ሰጠችን፣ ሰላምታዎን ነገረችን፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማሆይ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብለውኛል» አለች። «ሙላቴ የጌጡን እግር መለሰ ወይ?» ብለው ነው የላኩብኝ። የሺ እኔን አየች፤ እኔ ጸበሉን አየሁ። መልሱን በእመቤቴ አፍ መላክ አልፈለግሁም፣ መንገድ ላይ ምን ጨምራበት እንደምትደርስ ያውቃሉ። ስለዚህ ይኸው ብዕር አንሥቻለሁ።

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ እንዳነሣው ይፍቀዱልኝ። ያኔ ማመስገን ስጀምር «በል ተወው፣ ቤትህ ግባ፣ ሚስትህ አላየችህም» ብለው አፌን አስዘጉኝ። ከዚያ እኔ በሥራ፣ እርስዎ በሱባዔ፣ ሳንነጋገር ወደ ገዳም ሄዱ። በደብዳቤ ግን አፌን ሊያስዘጉኝ አይችሉም።

የካቻምናን ግንቦት ነገር ይኸውልዎ። የክትባቷን ላንድሮቨር ይዤ ከእብናት ስመለስ፣ ክፉውን ቁልቁለት ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ደህናው ሜዳ ላይ ከደረስኩ በኋላ የግራ የፊት እግሯ ተሰበረ። ድንጋይ አልመታሁም፣ አልፈጠንኩም፤ ብረቱ ደክሞት ነው። ጎማው ወደ ጎን ተኛ፣ መኪናዋም አፍንጫዋን አፈር ውስጥ ቀበረች። ክትባት ሰጪዎቹ ሣጥናቸውን አህያ ላይ ጭነው መንገድ ጀመሩ። እኔም አያሌው ለሚባል የዚያ አገር ገበሬ መኪናዋን አደራ ብዬ በእግሬ ተከተልኳቸው። መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ ሄድኩ፤ ስናደድ ምላሴን እንደማልይዝ ያውቃሉ፣ ያን ጊዜ አጠገቤ ባይደርሱ ይሻላል።

አለቃችን ጓድ መዝገቡ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ከጎንደር ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነበር። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ከሌለች «የት ገባች» ይባላል። ሜዳ ላይ ተሰብራ፣ ምናልባትም ጎማዋ ተፈትቶ ከተገኘች ደግሞ «ማን ሰበራት» ይባላል። ያን ጊዜ «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች። አሁንም አለች፤ ዲያቆኑ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ያድርግ። ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር በዚህችው ቃል እስር ቤት ገብቶ እስከ ዛሬ አልወጣም። ጓድ መዝገቡ ጠረጴዛውን እያየ «እስከ ቅዳሜ መኪናዋ ግቢ ትግባ፤ አለዚያ እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለኝ። የሺ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ እየገባ ነበር። እቤት ስደርስ ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ፣ እስር ቤት የምለብሰውን ልብስ አጥባ ጠበቀችኝ። እንዲያ ዓይነት ሴት ናት፤ አታለቅስም፣ ታዘጋጃለች።

የፊት እግሩ የተሰበረ መኪና በገመድ አይጎተትም። አፍንጫውን የሚሸከምለት ሌላ እግር ይፈልጋል፤ ሁለት ጎማ፣ ጎማዎቹን የሚያያይዝ ብረት፣ ከፊት ደግሞ መጎተቻ። በሽተኛው መኪና አፍንጫውን እዚያ ላይ ያስደግፍና በኋላ ጎማዎቹ እየተንከባለለ ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር በትልልቅ ከተሞች እንዳለ አውቃለሁ፤ ለምነን እስኪመጣልን ግን እኔ የት እንደምሆን እግዚአብሔር ይወቅ። ስለዚህ ልሠራው ተነሣሁ። ግን ሁለት ጎማ ከነብረቱ ከየት ይመጣል? ከተማውን በሐሳቤ ዞርኩት። የመንግሥት የሆነውን መንካት ሌላ አሻጥር ነው። የግል የሆነ፣ ማንም የማይነዳው፣ ለእኔ የሚመጥን አንድ ብቻ ነበር። የባለቤትዎ የጋሼ ጌጡ ጂፕ።

ያቺን ጂፕ ደብረ ታቦር ሁሉ ያውቃታል። ጋሼ ጌጡ ከወረታ ገበያተኛ፣ ከገጠር በሽተኛ ሲያመላልሱባት ኖረው፣ እሳቸው ካለፉ ጊዜ ጀምሮ ጓሮዎ ቆማለች። ዶሮዎችዎ መቀመጫው ላይ ይፈለፍላሉ፣ በርበሬዎ ኮፈኗ ላይ ይሰጣል። አንዱን ብረት ገዢ በዘነዘና እንዳባረሩትም ሰምቼ ነበር። ታዲያ በዚያ ማለዳ በርዎን ሳንኳኳ ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ዘነዘናውን ነው። ዶሮዎቹን እያበሉ ሰሙኝ። ስጨርስ እጅዎ ላይ የቀረውን ጥሬ ረጩና ጂፗን እያዩ፣ «እግሩን ከወሰድህበት ጌጡ በምን ይመጣል?» አሉ።

ለእኔ የተባለ አልመሰለኝም። ልሂድ ስል ግን ጠሩኝ።

«ውሰድ» አሉኝ። «ግን ትመልሳለህ። ያለ እግር አላስቀምጠውም።»

«በማርያም እመልሳለሁ» አልኩ። ሰው ሲጨንቀው ምን የማይለው አለ።

ከዚያ ጓሮዎ ጋራዥ ሆነ። ሞላን መቼም አይረሱትም፣ እህል የሚጭነውን ፊያት የሚነዳውን፣ ሲናደድ የሚያፏጨውን። ሊያግዘኝ የመጣው ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ሊጎትትልኝ የሚችለው መኪናም የእሱ ብቻ። ጂፗን በክሪክ አንሥተን ከሥሯ ድንጋይ ካብን። ዝገቱን በላምባ እያራስን፣ የእኔን ጉልበትና የሞላን ፉጨት እየጨመርን የኋላ እግሯን አወጣን። ዶሮዎችዎ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው እንደ ተቆጣጣሪ ያዩን ነበር። ጎማዎቹ አየር አይዙም፤ ጭድ ጠቀጠቅንባቸው። ለመጎተቻ አንድ ወፍራም ባላ ቆረጥን፣ ሁለቱ ቅርንጫፎች ወደ ጎማዎቹ፣ ግንዱ ወደ ሞላ መኪና። የብየዳ ሞተር ያለው ሰውዬ ነዳጅ የለኝም አለን፤ ያን ሰሞን ማን ነበረው? ሰፈሩ አጥርዎ ላይ ተደግፎ ይስቅብናል። አንዱማ «ጋፋት ሰፈር ቀይሮ ውዴ ጓሮ ገባ እንዴ?» አለ። ያን ቀን መድፍ ቢኖረኝ ማን ላይ እንደማዞረው አውቅ ነበር።

መበየድ ከቀረ ማሰር ነው። ገመድ ሞከርን፣ ተበጠሰ። ሰንሰለት ፈለግን፣ የለም። እኔ ባላው ላይ ቁጭ ብዬ ከአፌ የወጣውን እዚህ አልጽፈውም። እርስዎ ወደ ቤት ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የሚጎተት ነገር ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል የጠፍር አልጋዎን በእግሮቹ ይዘው ደጃፉን እያወጡት ነው።

«ጠፍሩን ፍታው» አሉኝ።

ምን ላይ ሊተኙ ነው አልኩ። መደብ አለኝ አሉ። ሞላ ማፏጨቱን አቆመ። እኔም እምቢ ልል አፌን ስከፍት እርስዎ ራስዎ ጎንበስ ብለው የጠፍሩን ጫፍ መፍታት ጀመሩ። እየፈቱም ያን ሁሉ ዓመት ያልሰማነውን ነገሩን። ጋሼ ጌጡ የታመሙት እብናት በኩል ወንድማቸው ቤት ለተዝካር ወርደው ነበር። ጂፗ በዚያው ሳምንት ተበላሽታ እዚህ ጓሮ ቆማለች። ያገሩን በሽተኛ ሁሉ ለሆስፒታል ያደረሰ ሰው፣ እሱን የሚያደርስ መኪና ጠፋ። የወንድማቸው አልጋ ቃሬዛ ሆኖላቸው ዳገቱን ወጡ። አልደረሱም። ከቀብር በኋላ አልጋውን አልመልስም ብለው የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ይህ አልጋ ያ አልጋ ነው።

«ያን ቀን ያገኘነው መንገደኛ ሁሉ ትከሻውን ሰጠን» አሉ። «ነጋዴው ጭነቱን ጥሎ፣ ቄሱ መስቀሉን አንገቱ ላይ አዙሮ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም።» ከዚያ ጠፍሩን ለእኔ አቀበሉኝና እጅዎን በነጠላዎ ጠረጉ።

እትዬ ውዴ፣ ጠፍሩን ይዤ እንደ ቂል መቆሜን አይተዋል። ሞላ ነው «ውሃ፣ ውሃ አምጡ» ብሎ ያዳነኝ። ነክረን ባላውን ከብረቱ ጋር ጠፈርነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ራሱን እያጠበቀ ብየዳ የማይሠራውን ሠራ። የአልጋውን ሁለት ወራጆች፣ የጎን እንጨቶቹን፣ ከብረቱ በላይ አጋደምናቸው፣ የላንድሮቨሯ አፍንጫ እንዲያርፍባቸው። ሲያልቅ ከሩቅ ቆመን አየነው። ጂፕ አይደለም፣ አልጋ አይደለም፣ ጋሪ አይደለም። ስም አልነበረውም። ሞላ «ያ ነገር» ይለው ነበር።

ሞላ ለእብናት ገበያ ባዶውን ሲወርድ ያን ነገር ጭኖልን ሊሄድ፣ እህል ጭኖ ሲመለስ ደግሞ ሊጎትትልን ተስማማ። ዓርብ በማለዳ ስንነሣ ግን ሐሞቱ ፈሰሰ። መንገድ ላይ የሚያዩት ሰዎች፣ የአለቃው ቁጣ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበትና «እኔ እህል ጫኝ ነኝ እንጂ ሬሳ ጫኝ አይደለሁም» አለ። ያኔ እርስዎ ከየት እንደመጡ አላየሁም። ነጠላዎን አደግድገው፣ ስንቅዎን ይዘው ጋቢናው በር ላይ ነበሩ።

«ሬሳ አይደለም፤ በሽተኛ ነው» አሉትና ገቡ።

ማን ይምጡ አለ ብንልዎ፣ የጌጡን እግር ብቻውን አልሰድም አሉ። ከጋሼ ጌጡ ቀብር ወዲህ በዚያ መንገድ እንዳልሄዱ ግን አልነገሩንም።

አያሌው አደራውን እንዴት እንደጠበቀ ያስታውሳሉ? መኪናዋን ዙሪያዋን በእሾህ አጥሮ፣ እንደ በረት በር ሠርቶላት! ጅብ እንዳይነካት ብዬ ነው አለን፤ ቀልዱን ይሁን እውነቱን እስከ ዛሬ አልገባኝም። አፍንጫዋን ከገበሬዎቹ ጋር አንሥተን ወራጆቹ ላይ ስናሳርፍ የእሱ አህያ ከጎማው የወጣውን ጭድ ትበላብን ነበር። ሞላ እህሉን ጭኖ ደረሰ፣ ባላውን ከኋላው አሰርን፣ ተነሣን። እኔ ላንድሮቨሯ ውስጥ መሪ ይዣለሁ፤ ወዴትም ለማይዞር ጎማ መሪ መያዝ ምን እንደሆነ ሹፌር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሜዳውን ስንሄድ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም ነበር። ይሄዳል! ያ ነገር ይሄዳል!

ዳገቱ ጀመረና የእኔ ሥራ ጉድ ታየ። መኪናዋን ወራጆቹ ላይ አጥብቄ ስላሰርኳት አንገቷ አይዞርም ነበር። ቀጥታውን ትሄዳለች፤ ጥምዝ ላይ ግን ሞላ ሲታጠፍ ያ ነገር አልታጠፍም አለ። የመጀመሪያውን ጥምዝ እንደምንም አለፍነው። ሁለተኛው ግን፣ ያ አንድ ወገኑ ገደል የሆነው፣ አንቆ ያዘን። ባላው ጮኸ፣ አንዱ ጎማ ገደሉን ተጠጋ። ወርጄ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደረግሁ። ሞላ አፏጨ። የሚያርሱት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቁመው መጡልን። እኔ ማሰሪያውን አላልቼ፣ «እጄን ሳነሣ ወደ ላይ ትገፉልኛላችሁ» ብዬ በደንብ አስረዳኋቸው። ሁሉም እሺ አሉ። እጄን ላነሣ ስል ግን እርስዎ ከጋቢናው መስኮት ብቅ አሉና፣

«ወንድሞቼ፣ ተቀበሉን!» አሉ።

እንዲያ ያለ ቃል ለእነዚያ ሰዎች ይባላል እንዴ? «ተቀበሉን» ማለት ለእነሱ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቃሬዛ። የእኔን መግፋት ማን ያስታውሰዋል? ሁሉም ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ከሥሯ ሰጡና ላንድሮቨሯን ብድግ አደረጓት። ሞላ መኪናው ሲቀልለት ጊዜ ወጣልኝ ብሎ ነዳ። ያ ነገር ባዶውን፣ ጭዱን እያንጠባጠበ፣ ከኋላው እየዘለለ ሄደ። እኔ በአንድ ወገን «ሞላ፣ ቁም!» እያልኩ፣ በሌላ ወገን «አውርዷት! አይደለም፣ አታውርዷት!» እያልኩ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ገበሬዎቹ ግን ማንንም አልሰሙም። የመንግሥትን መኪና በትከሻቸው ይዘው፣ የኋላ ጎማዎቿን እያንከባለሉ፣ የደከመው ለጎረቤቱ እያቀበለ፣ ጥምዙን እንደ በሽተኛ ቀስ አድርገው አዞሯት። ሞላ ከላይ ሜዳው ላይ ቆሞ ሲጠብቀን ደርሰው ወራጆቹ ላይ አሳረፏት። አንዱ ሽማግሌ ላቡን እየጠረገ «እግዜር ይማራት» አለኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ገባን። ጥምዝ በመጣ ቁጥር ማሰሪያውን እንፈታለን፣ እርስዎ ይጣራሉ፣ ሰው ይመጣል። መንገደኛ የሄደበትን ትቶ ይመለሳል። ሞላ እንኳ ፉጨቱ ዜማ ያዘ። በመሐል አንዴ ለምን ዝም እንዳሉ ሲጠይቅዎ፣ ያ ገደሉ ያለበት ጥምዝ ጋሼ ጌጡን ለመጨረሻ ጊዜ ያሳረፉበት ቦታ መሆኑን ነገሩት። ዳገቱ እዚያ ላይ ስለሚብስ ተሸካሚ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ይህን ሞላ የነገረኝ ከወራት በኋላ ነው፣ ሲነግረኝም ፊቱን አዙሮ ነበር።

ዳገቱ ጫፍ ላይ አድረን በማግስቱ ማለዳ ኬላው ላይ ደረስን። ከተማው ይታየናል፣ ቅዳሜ ገበያ ደምቋል፣ ተቆጣጣሪዎቹ የመሥሪያ ቤታችንን በር ሳያንኳኩ አልቀሩም። ወታደሩ ወጣት ነበር፣ ከደቡብ ይሁን ከምሥራቅ እንጃ፣ ካገራችን አልነበረም። ሞላን አሳለፈና ያን ነገር ሲያይ የኬላውን እንጨት መልሶ አወረደ። ይህ ተጎታች ነው አለ። ተጎታች ሰሌዳ አለው፣ ፈቃድ አለው፤ የታለ? እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቃል ላይ ቁጣዬ መጣ። አለቃ ይጠራ አልኩ። የመንግሥት ሥራ እያደናቀፍክ ነው አልኩ። ወታደሩ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እትዬ ውዴ፣ ያን ሰዓት እኔ ራሴን በገዛ ምላሴ እስር ቤት እያስገባሁ ነበር።

እርስዎ ከጋቢናው ወርደው፣ ቀስ ብለው መጥተው በመሐላችን ቆሙ።

«ተጎታች አይደለም ልጄ፣ ቃሬዛ ነው» አሉት።

«ቃሬዛ ሰው ነው የሚጭን፣ እማማ።»

«ይቺ ለሕፃናት መድኃኒት የምታደርስ ናት። እሷ ወድቃ ከቀረች ነገ በቃሬዛ የሚመጣው ሰው ነው። ይኸው አልጋው» አሉና ወራጁን በእጅዎ መታ መታ አደረጉት። «ባሌን የተሸከሙልኝ በዚህ ነው። ያገርህ ሰው መንገድ ላይ ቃሬዛ ሲያገኝ ምን ያደርጋል?»

ልጁ እርስዎን አየ፣ አልጋውን አየ።

«ይቀበላል» አለ።

ያንን ቃል ካለ በኋላ ምን ማድረግ ይችላል? ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠ፣ እንጨቱን አነሣ፣ መጥቶም ትከሻውን ከላንድሮቨሯ ሥር አደረገ። ሜዳ ነበር እኮ፣ መሸከም አያስፈልግም ነበር! ማንም ግን አልነገረው። እስከ ገበያው ድረስ እንዲያ ጎንበስ ብሎ አብሮን ተራመደ።

የቀረውን ያውቁታል። ተቆጣጣሪዎቹ ቁርሳቸውን ሲጨርሱ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ነበረች፣ ተሰብራ፣ ግን ምንም ሳይጎድልባት። ጓድ መዝገቡ ላቡ ደርቆለት «የሠራተኞቻችን የፈጠራ ውጤት» ብሎ ንግግር አደረገ፤ እርስዎንና አልጋዎን ግን አላነሣም። እኔም አላረምኩትም፣ የመጀመሪያው ጥበቤ ነው። በሰኔ የሺ ወለደች፣ እኔም ቤቴ ነበርኩ። ልጄን የታቀፍኩት በገዛ እጄ ነው፣ በሰው ወሬ አልሰማሁም። ይህንን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ማታ ማታ ልጅቷን አስተኝተን ከየሺ ጋር ስንቀመጥ፣ ያ ቅዳሜ በሌላ መልኩ አልፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ቤት ምን ይመስል ነበር እያልን እናወራለን። ከዚያ እርስዎን እናነሣለን። ልጅቷን ውዴ ብለናታል። እርስዎ ስምዎን ጥለው ሲሄዱ መንገድ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ነው። አሁን ግድግዳ ሳትይዝ ትራመዳለች፣ ስትወድቅም የምትቆጣው እኔን ነው።

አሁን መልሱ።

አልመለስኩም፣ እትዬ ውዴ። ጂፗ ዛሬም ድንጋዩ ላይ ቆማለች፣ ዶሮዎችዎን እመቤቴ ታበላለች። በማርያም ብዬ ቃል መግባቴን አልረሳሁም፤ ልገጥምልዎ አንድ እሑድ ይበቃኝ ነበር፣ እሑዱ ግን እስካሁን አልተገኘም። በቀጣዩ በጋ የአንበሳሜው አውቶቡስ እግሩ ተሰበረና መጥተው ለመኑኝ። ሄድኩ። ከዚያ አንድ እህል ጫኝ፣ ከዚያ የቄሶቹን ቆርቆሮ የጫነች ፒክአፕ። ባላውን በብረት ለወጥነው፣ አንገቱም አሁን ይዞራል፣ በመሐሉ አንድ ወፍራም ችንካር ሰጥተነዋል። ጠፍሩና ወራጆቹ ግን የእርስዎ ናቸው። መበየጃ ነዳጅ ሲገኝ ሞላ እንበይደው ብሎ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ከእብናት በኩል አንድ ገበሬ እየሮጠ መሥሪያ ቤታችን ገባ። ነፍሰ ጡር የጫነች መኪና ያ ጥምዝ ላይ ቆማ ሴትዮዋ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ተሸኝታለች፤ መኪናዋ ግን መንገድ ዘግታለች። «እባካችሁ ጌጡን ላኩልን» አለ። አዲሱ ጸሐፊያችን «ጌጡ የሚባል ሠራተኛ የለንም» አለው። ሰውዬው ተናደደ። «እንዴት የለም? ወንዙ ማዶ ድረስ ሁሉ ያውቀዋል! ባለ አልጋው ጌጡ!» አለ። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።

ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም። ሞላ አላወጣሁም ይላል፣ አያሌውም አላወጣሁም ይላል። በዚያ ቀን የጌጡን እግር ብቻውን አልሰድም ሲሉ የሰማ አለ መሰለኝ። አሁን መንገዱ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። ስንወርድ ገበሬው ከእርሻው ቀና ብሎ «ጌጡ መጣ» ይላል። ኬላው ላይ ያ ልጅ ተቀይሯል፤ ከሄደ በኋላ የመጡትም ግን ሰሌዳ አይጠይቁም። እንጨቱን ያነሡና «ጌጡ ነው፣ ይለፍ» ይላሉ።

ያን ማለዳ ጓሮዎ ቆመው «ጌጡ በምን ይመጣል?» ብለው የጠየቁትን አልረሳሁትም። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን ይኸው ጽፌልዎታለሁ፤ ከማርያም ጋር ያለብኝን ቃል ግን እርስዎ ካልፈቱኝ ማንም አይፈታኝም። መልስ ብለው ከላኩብኝ በዚያው ቀን ክሪኬን ይዤ ጓሮዎ እገባለሁ፣ አንድም ቃል አልናገርም። ግን እትዬ ውዴ፣ ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁልኝ። የጋሼ ጌጡን እግር ያልመለስኩት ረስቼው አይደለም።

እየሄዱበት ነው።

ባለ ዕዳዎ ሳይሆን ልጅዎ፣
ሙላቴ
(የውዴ አባት)